ውኃ በደብረ ብርሃን ስንት ዲግሪ ላይ ይፈላል?

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር ክርክሩ ይሞቃል፤ ሳምንት ሳይሞላው ይበርዳል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ቁጥሩ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ገሚሱ ኩረጃ ሲቀር እውነቱ ወጣ ይላል፤ ገሚሱ ጥፋቱን በመምህራን፣ በወላጆች ወይም በሥርዓተ ትምህርቱ ላይ ይጥላል። የሁሉም ዓይን ግን ያረፈው ባለፉት ላይ ነው።

ያላለፉትስ ከ12 ዓመት የሳይንስ ትምህርት ምን ይዘው ወጡ? ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ነገ መንዝ ላይ ገብስ የሚዘራው፣ ሸዋ ሮቢት ላይ የውኃ ፓምፕ የሚጠግነው፣ ምንጃር ላይ ጤፉን ፀረ አረም የሚረጨው፣ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የሚያንቀሳቅሰው፣ ልጁ ሲታመም ሽሮፕ በማንኪያ ሰፍሮ የሚሰጠው ወጣት በአብዛኛው ከእነሱ መሀል ነው። ለብዙዎቹ የመጨረሻዋ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የዕድሜ ልክ ስንቅ ናት። ትምህርቱ ሲመዘን እነዚህ ልጆችም ሚዛኑ ላይ መውጣት አለባቸው።

«ሊትረሲ» ሲባል

በትምህርት ባለሙያዎች ዘንድ «ሳይንስ ሊትረሲ» የሚባለው ቃል ብዙ ጊዜ «የሳይንስ ዕውቀት» ተብሎ ይተረጎማል። ትርጉሙ ግን ነገሩን ያጠበዋል። ሊትረሲ ፊደል መቁጠር ነው፤ ፊደል የቆጠረ ሰው ያላየውን ደብዳቤም ያነባል። እንደዚሁ የሳይንስ ፊደል የቆጠረ ልጅ በክፍል ያልተማረው ነገር ሲገጥመው መንገድ አያጣም። ሦስት ነገር ይችላል፦ አንድን ክስተት በምክንያቱ ያስረዳል፣ አንድ ጥያቄ በምን ዓይነት ሙከራ ሊመለስ እንደሚችል ያውቃል፣ የቀረበለት ቁጥር ወይም ማስረጃ የተባለውን ነገር ይደግፍ አይደግፍ ይለያል።

የቴክኖሎጂ ሊትረሲም ስልክ መነካካት ማለት አይደለም። መሣሪያው በምን እንደሚሠራ፣ የት ላይ እንደሚሳሳት፣ ስሕተቱ ማንን እንደሚጎዳ በግርድፉም ቢሆን ማወቅ ነው። ልዩነቱ በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ክብደቱ የሚታየው በአንድ ማንቆርቆሪያ ውኃ ላይ ነው።

መቶ ዲግሪ የት ነው ያለው?

መጽሐፉ «ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል» ይላል። በፈተና ቢመጣ መልሱ ይኸው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እዚያ ውኃ የሚፈላው ወደ 91 ዲግሪ ላይ ነው። በጣርማ በር በኩል ወርደው 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ቢገቡ ወደ 96 ይጠጋል። በአንዱ በሰሜን ሸዋ ዞን ውስጥ የ5 ዲግሪ ልዩነት አለ፤ መቶ ዲግሪ ግን በሁለቱም ከተሞች የለም።

ምክንያቱ የአየር ግፊት ነው። ውኃ ፈላ የሚባለው ከውስጡ የሚነሣው የእንፋሎት ግፊት ከላይ የሚጫነውን የአየር ግፊት ሲስተካከል ነው። ወደ ከፍታ በወጣን መጠን በላያችን ያለው አየር ይሳሳል፣ ጫናው ይቀንሳል፣ ውኃውም ቀድሞ ይፈላል። በባሕር ጠለል ላይ ግፊቱ 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ 72 አካባቢ ይሆናል። ለግርድፍ ስሌት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል ብሎ መያዝ ይበቃል፦ 2,800ን ለ300 ማካፈል 9.3 ይሰጣል፤ ከ100 ሲቀነስ 90.7።

አሁን አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ሙከራ ሠርቶ 91 አነበበ እንበል። በቃል የተማረ ልጅ «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ይላል፤ ወይም ይባስ ብሎ ደብተሩ ላይ 100 ብሎ ይጽፋል። ይህ ሁለተኛው በጣም ያሳስባል። ልጁ ያየውን ትቶ የተነገረውን መጻፍ ለምዷል ማለት ነውና፣ በትምህርት ቤት የለመደው ይህ ጠባይ ወደ ክሊኒክም ወደ ፋብሪካም አብሮት ይሄዳል።

ሙከራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። 200 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ ምድጃ ወይም ቡታጋዝ፣ እስከ 110 ዲግሪ የሚያነብ የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ይበቃል። የሰውነት ሙቀት መለኪያው አይሆንም፤ መስፈሪያው 42 ዲግሪ አካባቢ ስለሚያልቅ ብርጭቆው ሊፈነዳ ይችላል። ውኃው በደንብ እየተንፈቀፈቀ ሳለ በየደቂቃው አምስት ጊዜ ተነብቦ ይመዘገባል፤ ሙከራው ሦስት ጊዜ ይደገማል። ሲሳሳት የሚሳሳተው የት እንደሆነም ይታወቃል። የቴርሞሜትሩ ጫፍ የዕቃውን ቂጥ ከነካ ንባቡ ከፍ ይላል። ከውኃው አውጥቶ ማንበብ ዝቅ ያደርገዋል። ከላይ ወደ ታች አጎንብሶ የሚያይ ልጅና ዓይኑን ከመስመሩ ጋር አስተካክሎ የሚያይ ልጅ አንድ ቁጥር አያነቡም። ውስጡ ያለው ቀይ ፈሳሽ መሀል ላይ ተቆርጦ ከሆነ ደግሞ ቴርሞሜትሩ በእውነትም ተበላሽቷል። ተማሪው «መሣሪያው ነው ወይስ መጽሐፉ?» የሚለውን ጥያቄ እነዚህን አንድ በአንድ አጣርቶ ሲመልስ ሳይንስ ተማረ እንላለን።

ከማንቆርቆሪያ እስከ ጤና ጣቢያ

የደብረ ብርሃን እናት የባቄላ ንፍሮ በቆላ ከሚፈጀው ጊዜ በላይ እንደሚፈጅ ታውቃለች። ምክንያቱ የእንጨቱ ማነስ አይደለም። የፈላ ውኃ እሳት ቢጨመርበትም ከ91 አያልፍም፤ ጭማሪው እሳት ውኃውን ቶሎ ያተነዋል እንጂ ንፍሮውን አያፈጥነውም። ይህን ያወቀች ልጅ ውኃው ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሳ ክዳኑን ትገጥማለች፤ ማገዶም ይተርፋል። የመጠጥ ውኃ አፍልቶ ማከም ላይም ልዩነቱ ይታያል፦ በደንብ መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ በዝቅተኛ ቦታ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ 3 ደቂቃ ማቆየት ይመከራል።

ከዚህ የሚከብደው የአውቶክሌቭ ጉዳይ ነው። አውቶክሌቭ የሕክምና መሣሪያዎችን በታመቀ እንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳ ድስት ነው። የተለመደው መመሪያ 121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ነው፤ ለዚህም የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ (የግፊት መስፈሪያ ነው፤ 103 ኪሎ ፓስካል ያህላል) እንዲያሳይ ይጠበቃል። ችግሩ የተለመደው የግፊት መለኪያ የሚያነበው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ መሆኑ ነው። በባሕር ጠለል 103 በ101 ላይ ተደምሮ 204 ኪሎ ፓስካል ይሆናል፤ እንፋሎቱም 121 ዲግሪ ይደርሳል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን 103 የሚደመረው በ72 ላይ ነው፤ 175 ብቻ ይሆናል፤ እንፋሎቱም ወደ 116 ዲግሪ ላይ ይቆማል።

አምስት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች። ሙቀትን በሚቋቋሙ የባክቴሪያ ዘሮች ላይ ግን ለተመሳሳይ ውጤት ከሦስት እጥፍ ያላነሰ ጊዜ ታስጠይቃለች። ስለዚህ እዚህ ከፍታ ላይ በግፊት ብቻ የሚመራ አውቶክሌቭ ወደ 19 ወይም 20 ፒኤስአይ መድረስ ይኖርበታል፤ ያም የሚሆነው መሣሪያው ያን ያህል ግፊት እንዲችል የተሠራ ከሆነ ነው። ካልሆነ ሰዓቱን ማርዘም ግድ ነው። ሙቀቱን በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ ያለው ሰው ይህ ጣጣ የለበትም። «15 ፒኤስአይ፣ 15 ደቂቃ» ብሎ በቃሉ የያዘ ባለሙያና የግፊትን ምንነት ተረድቶ የመጣ ባለሙያ አንድ ዓይነት ሰርተፊኬት ሊይዙ ይችላሉ። በሽተኛው ላይ የሚደርሰው ግን አንድ አይደለም።

መሬት ሲንቀጠቀጥ የሚፈተነው ዕውቀት

በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ባሉት በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ የተከታተለው የመሬት መንቀጥቀጥ በሰሜን ሸዋም ተሰምቷል። ከጠንካሮቹ አንዱ የካቲት 7 ቀን የደረሰው 6.0 የተመዘገበው ነው። በዚያ ሰሞን በማኅበራዊ ሚዲያ «ዛሬ ሌሊት በዚህ ሰዓት ትልቁ ይመጣል» የሚሉ መልእክቶች በብዛት ተዘዋወሩ። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ለይቶ መተንበይ የሚችል ማንም የለም። ባለሙያዎች ሊናገሩ የሚችሉት አካባቢው ለአደጋው ምን ያህል የተጋለጠ እንደሆነና በቀጣዮቹ ቀናት የመደገም ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ነው። ሰዓት ጠቅሶ የመጣ መልእክት በዚያ ብቻ ሐሰተኛነቱ ይታወቃል።

ሌላው የተምታታው ቁጥሩ ነው። በሚዲያ «ሬክተር ስኬል» እየተባለ የሚጠቀሰው መለኪያ (ባለሙያዎች ዛሬ ለትልልቆቹ የሚጠቀሙት ሌላ ስሌት ነው፤ የድሮው ስም ግን አልተለወጠም) እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር የሚደመር አይደለም። አንድ ቁጥር በጨመረ ጊዜ የሚለቀቀው ኃይል 32 እጥፍ ገደማ ይጨምራል። 4 የተመዘገበውና 6 የተመዘገበው በሁለት ይበላለጣሉ ማለት አይቻልም፤ በኃይል የሚበላለጡት ወደ 1,000 እጥፍ ነው። «ትናንት 4.5 ነበር፣ ዛሬ 5.5 ሆነ፤ ብዙም አልጨመረም» የሚል ሰው የሚያሳስተው ይህን አለማወቁ ነው።

ለሰሜን ሸዋ ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። ዞኑ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ከአንኮበር ቁልቁል የሚታየው ገደል ራሱ መሬቱ ተሰንጥቆ የወረደበት ነው። በ1953 ዓ.ም. ከሸዋ ሮቢት በስተሰሜን ባለችው በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው፣ ከ6 በላይ የተመዘገበው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ክፉኛ አፍርሷታል። በደጋው በድንጋይና በጭቃ የሚሠራው ቤት ብርድን በደንብ ይከላከላል፤ ሲወዛወዝ ግን ጭቃው ድንጋዩን አጥብቆ ስለማይይዘው ግድግዳው ወደ ጎን ይዘረገፋል። በየተወሰነ ከፍታው በግድግዳው ዙሪያ የሚታሰር አግዳሚ እንጨት ማዕዘኖቹን ያያይዛቸዋል። ይህን ለግንበኛው ማስረዳት የሚችል ወጣት ከአሥር የፌስቡክ ማስጠንቀቂያ ይጠቅማል።

ስልኩ የሚጠይቀው ሒሳብ

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ ማንቀሳቀስ ለገጠሩም እንግዳ አይደለም፤ ማጭበርበሩም አብሮ መጥቷል። በጣም የተለመደው ሰው ደውሎ «ከድርጅቱ ነኝ፣ አሁን በመልእክት የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» የሚለው ነው። የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው ስልኩ በባለቤቱ እጅ መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። ቁጥሩን ለሌላ የነገረ ሰው፣ ያ ሌላው ሰው እሱ ነው ብሎ መሰከረለት ማለት ነው። አሠራሩን በዚህ መልክ የተረዳች የ8ኛ ክፍል ተማሪ ማጭበርበሪያው ስሙንና ሰበቡን ቢቀያይርም ታውቀዋለች። «ፒን አትስጪ» ብቻ ተብላ የተማረችው ግን ፒን ሳይሆን «ኮድ» ሲሏት ትሰጣለች።

«በቀን 2 በመቶ ትርፍ» የሚሉ የኢንተርኔት ኢንቨስትመንቶችን ለማጣራት ከ7ኛና ከ8ኛ ክፍል ሒሳብ በላይ አያስፈልግም። 1,000 ብር በየቀኑ 2 በመቶ እየወለደ ትርፉም ከዋናው ጋር ቢያድር፣ በዓመቱ 1 ሚሊዮን 377 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል። ቀኑ 3 በመቶ ቢሆን ወደ 48 ሚሊዮን ይጠጋል። ይህን የሚያስገኝ ሥራ ያለው ሰው የጎረቤት ልጅ አንድ ሺህ ብር ለምን ያስፈልገዋል? ስሌቱን ራሱ በስልኩ ካልኩሌተር የሠራ ልጅ ምክር አያስፈልገውም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትም በቅርቡ ወደ ተማሪው እጅ ገብቷል። ውኃ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚፈላ ቢጠየቅ፣ ጠያቂው የት እንዳለ ካልነገረው «100» ሊል ይችላል። ጥያቄው ውስጥ ከፍታውን መጨመር እንዳለበት የሚያውቀው ማንቆርቆሪያው ውስጥ 91 ያየው ልጅ ነው።

ችግሩ የት ላይ ነው?

ፈተናው ምርጫ ነው፤ ምርጫ ደግሞ ቃል የያዘን ይወዳል። መምህሩ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ብዙ ተማሪ ይዞ፣ መጽሐፉን መጨረስ እየተጠበቀበት ላቦራቶሪ ልግባ ቢል ሰዓቱ አይበቃውም። ላቦራቶሪ ያለበት ትምህርት ቤትም ቢሆን ዕቃው እንዳይሰበር ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ የገባው የፕላዝማ (በቴሌቪዥን የሚተላለፍ) ትምህርት አንድ ጥሩ መምህር ለሁሉም እንዲደርስ የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን ምስሉ ለተማሪ ጥያቄ አይቆምም፣ ከእንግሊዝኛውም ፍጥነት ጋር ብዙዎች አልተጓዙም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንሱ በእንግሊዝኛ መሆኑ «የአየር ግፊት» ብሎ በአማርኛ በሁለት ቃል የሚረዳውን ሐሳብ ልጁ የማይገባው የቃል ጥናት ያደርግበታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ የብዙ ትምህርት ቤቶችን በር ዘግቷል፤ ወራትና ዓመታት ያመለጧቸው ልጆች ሲመለሱ ምዕራፍ ለመጨረስ ይሮጡ ይሆናል፣ ሙከራው መጀመሪያ የሚታለፈውም ያኔ ነው።

የሚከራከሩ ሐሳቦች

አንዱ ወገን ሳይንስ የጥቂቶች ነው፣ የቀረው ሙያ ይማር ይላል። ሌላው፣ በ2001 ዓ.ም. አካባቢ ከጀመረው 70፡30 የተማሪ ድልድል (70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ) ጋር የሚሄደው፣ ብዙሃኑ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግቡ ይላል። ሁለቱም የሚያዩት ዩኒቨርሲቲውን ነው። ሙያ የሚማረው ወጣት ለብየዳውም ለኤሌክትሪክ ዝርጋታውም ከማንም በላይ ፊዚክስ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ወገን በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና እየጠቀሰ ኮዲንግ ላይ እናተኩር ይላል። ኮዲንግ ለኮምፒውተር የሥራ ትእዛዝ መጻፍ ነው፤ ጥሩ ዕድል ነው፣ የሚጠቀሙበትም አሉ። ሆኖም ትእዛዙ የተሳሳተ ቁጥር ላይ ከተሠራ ማሽኑ ስሕተቱን በፍጥነት ያበዛዋል እንጂ አያርመውም። መለካትና መጠራጠርን ያልለመደ ልጅ ኮዲንግንም በቃሉ ይይዘዋል።

የበለጠ የሚመዝነው አራተኛው ሐሳብ ነው፦ ዘመናዊው ሳይንስ የአባቶችን ዕውቀት ያጠፋል የሚለው። በሸዋ ደጋ ውኃ በሚያቁር ጥቁር አፈር ላይ ገበሬው ጓሉን ከምሮ፣ ኩበት ጨምሮ አፈሩን ያጋይ ነበር። በሙቀቱ ሸክላው አፈር እንደ አሸዋ ይላላል፣ ውኃ ያሳልፋል፣ ፎስፈረስም ለሰብሉ ይለቀቃል፤ የመጀመሪያው ዓመት ገብስ ያምራል። ሆኖም የበሰበሰው ቅጠላ ቅጠልና ናይትሮጅኑ አብሮ ስለሚቃጠል ምርቱ ቶሎ ይወርዳል፣ መሬቱም ለረጅም ዓመታት ማረፍ ይፈልጋል። ገበሬው ይህን ሁሉ ከልምዱ ያውቅ ነበር፤ ያሳድረውም የነበረው ለዚህ ነው። መሬቱ ጠቦ የማሳደሪያ ጊዜው ሲያጥር ግን ልምዱ ብቻውን አዲስ መልስ አይሰጥም። የመንዝ ጓሳን ሣር ለብዙ ዘመን ያቆየው የማኅበረሰቡ የመዝጊያና የመክፈቻ ሥርዓትም በአስተውሎት የተሠራ ነው። እንዲህ ያለውን ዕውቀት ልጆች በክፍል ውስጥ ለምን እንደሠራና መቼ እንደማይሠራ ቢመረምሩት ይጠነክራል እንጂ አይጠፋም።

በአንድ ትምህርት ቤት አቅም

አዲስ ሕንፃ እስኪሠራ የማይጠብቅ ሥራ አለ። የዝናብ መለኪያ በባለ 2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ይሠራል፦ አንገቱ ተቆርጦ እንደ ማጥለያ ይገለበጣል። ቂጡ ጎድጓዳ ስለሆነ ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ጠጠርና ውኃ ይሞላል፤ ዜሮው እዚያ ላይ ይሠመራል፣ ከዚያ ወደ ላይ በማስመሪያ ይለካል። ከዛፍና ከጣሪያ ቢያንስ የቁመታቸውን እጥፍ ርቆ መቀመጥ አለበት። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ነው፤ ስለዚህ 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው የመማሪያ ክፍል በ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ እስከ 2,000 ሊትር ያወርዳል። በየቀኑ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት ማንበብ፣ ባዶ ሲሆንም ዜሮ ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። ብዙ መዝገብ የሚበላሸው ዜሮው ሳይጻፍ ቀርቶ «አልዘነበም» እና «አላነበብንም» ሲምታቱ ነው።

ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ ውርጩ አለ። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል፣ የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ ደመና ካለ ሙቀቱን መልሶ ይይዘዋል። ሁለት ቴርሞሜትሮች በእኩል ቁመት፣ አንዱ ረባዳው ሜዳ ላይ አንዱ ተዳፋቱ ላይ ተተክለው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ለአንድ ወር ቢነበቡ፣ የደመናውም ሁኔታ ከጎን ቢጻፍ፣ ወሩ ሲያልቅ ተማሪዎቹ የአካባቢያቸው ውርጭ የት እንደሚተኛ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ይኖራቸዋል። ረባዳው ሁልጊዜ በ3 ዲግሪ ከቀዘቀዘ፣ ባቄላውን የት መዝራት እንደሚሻል ልጁ ለአባቱ የሚያሳየው ደብተር ይዞ ይገባል። አባትየው ቀድሞ የሚያውቀውና ሰንጠረዡ የማይገጣጠሙ ከሆነ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ቴርሞሜትሮቹ ቦታ ተለዋውጠው ንባቡ እንደገና ይጀመራል።